ገልብጦ ማየት፦ ያገለገለ ፔዳል ስቲል ጊታር ሲገዛና ሲሸጥ

በቅሎ ሊገዛ ገበያ የወረደ ሰው የፀጉሯን ወዝ ብቻ አይቶ ብሩን አይቆጥርም፤ አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል። ፔዳል ስቲል ጊታርም ጥርስ አለው፤ ጥርሱ ያለው ግን ከሥሩ ነው። ገልብጠው ካላዩት አይታይም።

እኔ ይህን የተማርኩት ከፍዬ ነው። በአሜሪካ፣ ከናሽቪል ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ጋራዥ ውስጥ እንደ መስተዋት የሚያበራ ቀይ ፔዳል ስቲል ተዘርግቶ ጠበቀኝ። ሻጩ ትሑት ሰው ነበር፤ ቡና ሳይቀር አቀረበልኝ። እኔም ፔዳሎቹን ሁለት ሦስት ጊዜ ረገጥ ረገጥ አድርጌ፣ ዋጋውን ትንሽ አስቀንሼ፣ ከፍዬና ጭኜ መጣሁ። ቤት ገብቼ በመቃኛ ስለካው ስድስተኛው ክር ፔዳሉ ተረግጦ ሲለቀቅ ወደ ነበረበት አይመለስም። አንዴ ከፍ ብሎ ይቀራል፣ አንዴ ዝቅ ይላል። ጠጋኙ ዘንድ ስወስደው ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ዕቃውን ገለበጠና ባትሪ አብርቶ ተመለከተ። "ስትገዛው ይህን አይተኸዋል?" አለኝ። ከዘመናት በፊት የተጨመረ ዘይት ከአቧራ ጋር ተጋግሮ እንደ ሰም ደርቋል። ሻጩ ዋሽቶኛል ማለት አልችልም፤ እሱም ገልብጦት አያውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ለራሴም ለወዳጆቼም ስገዛና ስሸጥ ቆይቻለሁና የማውቀውን ልንገራችሁ። ነገሩ እንዳይምታታ ግን አስቀድመን መሣሪያውን እንወቀው።

የካንትሪ ሙዚቃ ካሴት እየሰማ ላደገ የአዲስ አበባ ሰው ድምፁ እንግዳ አይደለም። ከዶን ዊሊያምስና ከኬኒ ሮጀርስ ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ ይኖሩ በነበሩት በእነዚያ ካሴቶች ውስጥ፣ ድምፃዊው ትንፋሽ ሲወስድ ከኋላው እየተንሸራተተ የሚያላዝነው ድምፅ ብዙ ጊዜ የእርሱ ነው። ድምፁን የሚያውቅ ሁሉ ግን መልኩን አያውቅም። ጊታር ተብሎ ይጠራ እንጂ ጊታር አይመስልም፤ አራት እግር ያለው ጠባብ ጠረጴዛ ነው የሚመስለው።

ከላይ፣ በተለመደው ዓይነት፣ ዐሥር ክሮች ተወጥረዋል። ተጫዋቹ ተቀምጦ በግራ እጁ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ለስላሳ የብረት ባር ይይዝና ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል። መሰንቆ የሚጫወት ሰው ክሩን እንጨቱ ላይ ሳይደፍቅ በጣቱ ነክቶ ድምፁን እንደሚያወጣው፣ እዚህም ክሩ ከሥሩ ያለውን እንጨት አይነካም፤ የተሰመሩት መስመሮች ለዐይን ምልክት ብቻ ናቸው። ቀኝ እጁ አውራ ጣትና ሁለት ጣቶች ላይ በተጠለቁ መምቻዎች ክሩን ይመታል። ግራ እግሩ ፔዳሎቹን ይረግጣል፤ ቀኝ እግሩ የድምፁን መጠን በሚቆጣጠር ሌላ ፔዳል ላይ ያርፋል። ሁለቱ ጉልበቶቹ ደግሞ ከሥር የተንጠለጠሉትን መግፊያዎች ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ አንዳንዴም ወደ ላይ ይገፋሉ። ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ፣ እጁ መወርወሪያውን ሲያመላልስ እግሩ ድሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሸማኔ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ፔዳሉ ሲረገጥ ምን ይሆናል? ከፔዳሉ ወደ ላይ የሚወጣ ዘንግ በመሣሪያው ሆድ ውስጥ አግድም የተዘረጋ ሌላ ዘንግ ያዞራል። በዚያኛው ላይ የተሰካች ትንሽ ክንድ ደግሞ ረጅምና ቀጭን ዘንግ ትስባለች። ቀጭኑ ዘንግ በመሣሪያው ቀኝ ጫፍ ካለው ቻንጀር ከሚባለው ክፍል ጋር ተያይዟል። እዚያ እያንዳንዱ ክር በአንዲት የብረት ጣት ላይ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ጣቷ በጥቂቱ ዞር ስትል ክሩ ይጠብቃል ወይም ይላላል። ኢ-9 በሚባለውና በጣም በተለመደው ቅኝት፣ ኤ እና ቢ የሚባሉት ሁለት ፔዳሎች አብረው ሲረገጡ፣ ባሩ ሳይንቀሳቀስ የኢ ሜጀር ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ኤ ሜጀር ይሆናል። ከኮርዱ ሦስት ድምፆች ሁለቱ ወደ ላይ ሲሳቡ አንዱ ባለበት ይጸናል። ያ ሆድ የሚያባባው ድምፅ ከዚህ ነው የሚመጣው።

እነዚህ ቀጫጭን ዘንጎች በአንድ ባለ ዐሥር ክር መሣሪያ ውስጥ ከደርዘን ይበልጣሉ። አንዱ ቢጣመም፣ አንዱ ቢላላ፣ አንዱ ቢዝግ ዜማው ይበላሻል። እንግዲህ ገዢው የሚገዛው ግማሹን የሙዚቃ መሣሪያ፣ ግማሹን ማሽን ነው። ቀለም ማሽን አያንቀሳቅስም።

ሰው ለምን አዲሱን አይገዛም?

መልሱ ታሪኩ ውስጥ አለ። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጊታርን ጭን ላይ አጋድሞ በብረት መጫወት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በሃዋይ የተጀመረ ነገር ነው፤ ጆሴፍ ኬኩኩ የሚባል ሰው ስም በዚህ ይነሣል። ፔዳል የመጣው ቆይቶ ነው። ጊብሰን ኩባንያ በ1940 ገደማ ባለ ፔዳል መሣሪያ ቢያወጣም ሰው ልብ አላለውም። ነገሩን የለወጠው በ1954 የካንትሪ ገበያውን አናት የያዘ አንድ የዌብ ፒርስ ዘፈን ነው። በዚያ ቅጂ ላይ ባድ አይዛክስ የተባለው ተጫዋች ክሩ ገና እየጮኸ ሳለ ፔዳሉን ረገጠ፤ ድምፁ በአድማጭ ጆሮ ውስጥ እያለ ተጠመዘዘ። ከዚያ በኋላ በእጁ የነበረውን ስቲል ጊታር ፔዳል ሊገጥምለት ያልሞከረ ተጫዋች ጥቂት ነው።

ይህን ፍላጎት ያሟሉት በአብዛኛው ትልልቅ ፋብሪካዎች አልነበሩም፤ ራሳቸው ተጫዋቾችና ባለ እጆች ናቸው። በካሊፎርኒያ ፖል ቢግዝቢ ነበር። በናሽቪል ሾት ጃክሰንና ባዲ ኤመንስ ስማቸውን አጋጥመው ሾ-ባድ የተባለውን አቋቋሙ። ኤመንስ፣ ብዙዎች ከዚህ መሣሪያ ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ የሚሉት ሰው፣ በ1963 ደግሞ በራሱ ስም የሚጠራ ሌላ ኩባንያ በሰሜን ካሮላይና አስጀመረ። በዳላስ ኤምኤስኤ ተነሣ። ፌንደርም ዘንግ ሳይሆን የብረት ገመድ የሚስብበት የራሱን ዓይነት ሠርቶ ነበር። የመጀመሪያው ሾ-ባድ በ1980ዎቹ ተዘጋ፤ ሌሎችም ብዙዎች ሠሪዎቻቸው ሲያረጁና ሲሞቱ አብረው ቀሩ። ዛሬ አዲስ የሚሠሩት ጥቂት ትንንሽ ወርክሾፖች ናቸው፤ አንዱን አዝዞ ወራት መጠበቅ የተለመደ ነው። ዋጋውም ለባለሙያ የሚሆነው ከሆነ ከ3,000 ዶላር በላይ ይጀምራል። ስለዚህ ያገለገለው ገበያ የድሃ ገበያ አይደለም፤ ዋናው ገበያ እሱ ነው። ታላላቆቹ ተጫዋቾች ራሳቸው የ50 ዓመት ዕቃ ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ።

ሆዱ ሲታይ

ሻጩን "ልገልብጠው?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። መሣሪያውን የሚያውቅ ሻጭ እንዲያውም ቀድሞ ይገለብጠዋል። የፔዳሎቹ ዘንጎች ይነቀሉና፣ ለስላሳ ብርድ ልብስ ተነጥፎ፣ ወይም በራሱ ሳጥን ክዳን ላይ፣ ክሮቹ ወደ ታች ሆነው ይተኛል። ከዚያ ባትሪ ማብራት ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ዝገት ነው። ላይ ላዩን የነካ ዝገት አያስፈራም፤ በቻንጀሩ ጣቶች መካከል የገባ ዝገት ግን ከባድ ነው። ቀጥሎ የቀጫጭኖቹ ዘንጎች ቀጥ ማለት ነው፤ የተጣመመ ዘንግ ወይ ወድቋል፣ ወይ የማያውቅ ሰው ነካክቶታል። የብሎኖቹን ራስ ማየት ብዙ ይናገራል። በተሳሳተ መፍቻ የተፋፋቀ ብሎን ካለ፣ አንድ ሰው በእልህ ሲታገልበት አድሯል ማለት ነው። እግሮቹ የሚገቡባቸው ቦታዎች ዙሪያ እንጨቱ ተሰንጥቆ እንደሆነ በጥፍር ጭምር መዳሰስ ያስፈልጋል፤ መሣሪያው ሳይነቀል ከነእግሩ ተጎትቶ ከሆነ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። በአንዳንድ አሮጌ ሾ-ባዶች ላይ ደግሞ ከቀላል ቅይጥ ብረት በቅርጽ ማውጫ የፈሰሱ ክፍሎች አሉ፤ ሲሰበሩ እንደ ብስኩት ነው የሚሰበሩት፤ መለዋወጫቸውንም የሚሠሩ ባለ እጆች መፈለግ ይጠይቃል።

የደረቀ ዘይት፣ የእኔ ጠላት፣ በዐይን ቡናማ ሆኖ ይታያል፤ በጣት ሲነካ ይጣበቃል። ይህ ጉድለት ዕቃውን አያስጥለውም፤ የሲጋራ መለኮሻ በሚሞላበት ፈሳሽ ታጥቦ በቀጭን ዘይት ሲለሰልስ ብዙውን ጊዜ ይድናል። ፈሳሹ እሳት የሚይዝ ነውና ሥራው በደጅ፣ ከእሳት ርቆ ነው የሚሠራው። የሚያስቆጣኝ ነገር ሰው መሣሪያው ሲጥ ሲጥ ሲልበት የአበባ ውሃ እንደሚረጭ ከቆርቆሮ የሚረጨውን ዘይት ቻንጀሩ ላይ መርጨቱ ነው። ለጊዜው ይለሰልሳል፤ ቆይቶ ራሱ ሙጫ ይሆናል።

ከዚያ መሣሪያው ይቆማል፤ አሁን ተራው የጆሮና የመቃኛው ነው። ክሮቹ ይቃኛሉ። አንድ ፔዳል ይረገጣል፣ ይለቀቃል፤ ክሩ ወደ ነበረበት ተመለሰ? እንደገና፣ አሁን በዝግታ። እንደገና፣ አሁን በኃይል። የጉልበት መግፊያዎቹም እንዲሁ ናቸው፤ በተለይ አንድን ክር አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ የሚያደርገው ከሆነ፣ ከፍ ካለ በኋላና ዝቅ ካለ በኋላ የሚመለስበት ቦታ አንድ መሆን አለበት። አዳዲስ ክሮች ያልተገጠሙለት መሣሪያ እዚህ ላይ ሊያሳስት ይችላል፤ አሮጌ ክር ጤነኛውን ማሽን በሽተኛ ያስመስላል። ስለዚህ አንድ እሽግ ክር ይዞ መሄድ ከ20 ዶላር የማይበልጥ ብልሃት ነው።

ካቢኔት ድሮፕ የሚባል ነገር አለ፤ ብዙ ጀማሪ ስሙን ሰምቶ ይደነግጣል። ነገሩ ቀላል ነው። ፔዳል ሲረገጥ የመሣሪያው አካል በጣም በጥቂቱ ይታጠፋል፤ በዚህ ምክንያት ፔዳሉ የማይነካቸው ክሮች እንኳ ትንሽ ዝቅ ይላሉ። ለመለካት አራተኛውን ክር መትቶ መቃኛውን እያዩ ኤ እና ቢን አብሮ መርገጥ ነው። ግማሽ ድምፅን መቶ ቦታ ብንከፍለው ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስት እጅ ቢወርድ ማንም አይሰማውም። ዐሥር እጅና ከዚያ በላይ ከወረደ ግን ስስ ጆሮ ያለው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲቃኝ ያድራል። ፈጽሞ የማይወርድ መሣሪያ እምብዛም የለም። ይህን ለማስቀረት ብሎ ድምፁን የሚወደውን ዕቃ ትቶ የሄደ ሰው አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል።

ጣቶቹ አናት ላይ፣ ክሩ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ቦይ ተቆፍሮ እንደሆነ መታየት አለበት። በዓመታት ውስጥ ክሩ ብረቱን ይበላዋል። ቦዩ ሲጠልቅ ክሩ ይንጫጫል፣ ወይም ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል። ሦስተኛው ክር ከሁሉም ቀጭኑ ስለሆነ ምልክቱ መጀመሪያ የሚታየው በእርሱ ነው። በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ክሮቹ የሚያርፉባቸው ትንንሽ ተሽከርካሪዎች መዞር አለባቸው። ድምፅ የሚይዘውን ፒክአፕ ለመፈተን አምፕሊፋየር ላይ ሰክቶ ማዳመጥ ይበቃል፤ ቢሞት እንኳ ሽቦው እንደገና ይጠመጠማል፤ ይህን ስመለከት አልጨነቅም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ይረሳል፤ ገዢው ወንበሩ ላይ መቀመጥ አለበት። የሰው ጭን ርዝመቱ ይለያያል፤ መግፊያዎቹ ለቀድሞው ባለቤት ጉልበት የተስተካከሉ ናቸው። አንዳንዱ መሣሪያ ቦታቸውን ለማስተካከል ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ አይፈቅድም። ረጅም ሰው እግሮቹንና የፔዳል ዘንጎቹን በረጃጅሞች መለወጥ ሊኖርበት ይችላል።

የፔዳሎቹ ነገር

ከፔዳል ስቲል ጋር የቀድሞው ባለቤት ሐሳብም አብሮ ይሸጣል። የትኛው ፔዳል የትኛውን ክር ወዴት እንደሚወስድ የሚወስነው ሰው ነው። ፒያኖ ሁሉ አንድ ነው፤ ፔዳል ስቲል ግን አይደለም።

ለጀማሪ የሚመከረው ቢያንስ ሦስት ፔዳልና አራት የጉልበት መግፊያ ያለው የኢ-9 መሣሪያ ነው። ማስተማሪያዎቹ ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ ላይ የቆሙ ናቸው። ሁለት የፔዳል አቀማመጦች አሉ። በባዲ ኤመንስ ስም የሚጠራው ከግራ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ ይሄዳል፤ በሌላው ተጫዋች በጂሚ ዴይ ስም የሚጠራው ተገልብጦ ሲ፣ ቢ፣ ኤ ነው። ከሁለቱ የተሻለ የለም፤ እግር አንዱን ከለመደ በኋላ ግን መቀየር ግራኝ ሰው በቀኙ እንዲጽፍ እንደ ማስገደድ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው የትኛው እንደሆነ ይጠይቅ፤ በብዙዎቹ መሣሪያዎች ላይ ዘንጎችን አቀያይሮ መለወጥ ይቻላል፤ ሥራው ግን አለ።

በዚህ ምክንያት የሚያታልሉ ሁለት ዕቃዎች ልጥቀስ። አንዱ ሾ-ባድ ለተማሪ ይሠራው የነበረው ማቨሪክ የተባለው ነው። ስሙ ትልቅ፣ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የተለመደው ዓይነት ሦስት ፔዳልና አንድ መግፊያ ብቻ ነው ያለው፤ መጨመሩም አድካሚ ነው። ሌላው አሮጌው ባለ ገመዱ ፌንደር ነው። ድምፁ ያምራል፤ ባለ ስምንት ክር ስለሆነና ቅኝቱም ስለሚለይ ግን ጀማሪው የገዛው የማስተማሪያ መጽሐፍ አይገጥምለትም። ለሚያውቅ ሰው ሁለቱም ደስታ ናቸው። ለጀማሪ የተሠሩና በቂ መግፊያ ያላቸው ኋለኞቹ መሣሪያዎች ይሻሉታል፤ እነርሱም ሲሸጡ ገንዘባቸውን ብዙ አያጡም።

ባለ ሁለት አንገቱም፣ ማለት ሁለት የክር ረድፍ ያለውም፣ አለ፤ ዲ-10 ይባላል፤ አንዱ አንገት ኢ-9፣ ሁለተኛው ለስዊንግና ለጃዝ የሚስማማው ሲ-6 የሚባል ቅኝት ነው። ከነሳጥኑ ከ25 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ለዚህ ነው ዋጋው ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር የሚታየው። የሚሸጡት አዛውንት ወገባቸው አልችል ብሏል፤ የሚገዙት ወጣቶች ደግሞ ሁለተኛውን አንገት አይፈልጉትም። ስለዚህ ብዙ ሥራ የፈሰሰበት ዲ-10 አንዳንዴ ከባለ አንድ አንገቱ ብዙም ሳይበልጥ ይሸጣል። ጡንቻ ያለው ገዢ ይህን ልብ ይበል።

ዋጋና ድርድር

በማስታወቂያ ላይ የተጻፈ ዋጋ ሻጩ የተመኘው ነው፤ የሚጠቅመው የተሸጠበት ነው። ሁለቱ የሚራራቁት እንደ መርካቶ ጨርቅ የመጀመሪያ ጥሪና የመጨረሻ ዋጋ ባይሆንም፣ ይራራቃሉ።

የድርድሩ ባህል ግን የመርካቶው አይደለም። በግማሽ ዋጋ መጀመር አሜሪካዊውን ሻጭ ያስከፋል፤ በተለይ ዕቃው የባሏ የሆነችን ባልቴት። የሚያዋጣው ጉድለቱን በጣት አሳይቶ፣ "ይህን ለማስጠገን ይህን ያህል ያስወጣኛል" ብሎ ያንኑ መቀነስ ነው። ገልብጦ ያየ ሰው የሚናገረው አለው።

ዋጋን ከፍ የሚያደርገው ሁልጊዜ ምቾት አይደለም። የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ኤመንስ ፑሽ-ፑል የሚባለው መሣሪያ ክሩን ከፍ ለማድረግ ይስባል፣ ዝቅ ለማድረግ ይገፋል፤ ለማስተካከል ትዕግሥት የሚፈትን ነው፤ ለውጥ መጨመር ከተፈለገ ጠጋኙ ራሱ ይተነፍሳል። ኋላ የመጡት፣ ከፍ ለማድረግም ዝቅ ለማድረግም የሚስቡት፣ ለማስተካከል እጅግ ይቀልላሉ። ሆኖም ፑሽ-ፑሉ እስከ ዛሬ ተፈላጊ ነው፤ ሰዎች ለድምፁ ይከፍላሉ። እኔ በበኩሌ ለሁለተኛ መሣሪያ እንጂ ለመጀመሪያ አልመክረውም።

አብሮ የሚሰጠውን መቁጠር ያስፈልጋል። ሳጥኑ፣ ባሩ፣ የድምፅ መጠን ፔዳሉ፣ ክዳኑ ሥር ዕቃ የሚያዝበት ወንበር፣ በቻንጀሩ ጫፍ ያሉትን የናይለን ብሎኖች የሚያዞረው ትንሽ መቃኛ ቁልፍ፤ እነዚህ አንድ በአንድ ሲገዙ ብዙ መቶ ዶላር ይሆናሉ። በተለይ ሳጥን የሌለው መሣሪያ ርካሽ አይደለም፤ ሳጥን ለየመሣሪያው ልክ ነው የሚሠራው።

ሻጭ ለሆነ ሰው

ብዙ መሣሪያ ወደ ገበያ የሚወጣው ባለቤቱ ሲሞት ነው። ልጆቹ አልጋ ሥር ወይም ጓዳ ውስጥ ከባድ ሳጥን ያገኛሉ፤ ምን እንደሆነ አያውቁም። ለእነርሱ የምለው አጭር ነው፤ አትንኩት። የቤት ዕቃ መወልወያ አትቀቡት፤ ዘይት አትርጩበት፤ ብሎን አታዙሩ። የላላ ዘንግ ቢታያችሁ እንኳ ተዉት። በሳጥኑ ኪስ ውስጥ ያለ ብጣሽ ወረቀት ሁሉ ይጠበቅ፤ ብዙ ጊዜ ፔዳሎቹ ምን እንደሚሠሩ በባለቤቱ እጅ የተጻፈበት ሠንጠረዥ ነው፤ ለገዢው ከሳጥኑ እኩል ዋጋ አለው። የሚጫወት ሰው ጠርቶ አንድ ከሰዓት ማስሞከር ከሁሉም ይሻላል።

የሚጫወት ሻጭ ሥራው ይበልጣል። አዲስ ክር ያስገባል፣ ይቃኛል፣ እያንዳንዱ ፔዳል የሚሠራውን ይጽፋል። ፎቶ ሲያነሣ የሠሪው ስም፣ የመለያ ቁጥሩ፣ ቻንጀሩ በቅርብ፣ ሆዱ በሙሉ ይታይ። ጭረት ካለ ጭረቱ ይነሣ። ጉድለትን የደበቀ ሻጭ ገዢው ሲደርስ ይጋለጣል፤ የዚህ መሣሪያ ሰዎች ጥቂት ናቸው፣ ይተዋወቃሉም። በካንትሪ ባንዶች ብቻ ሳይሆን በአንዳንድ የጥቁር አሜሪካውያን የጴንጤ ቤተ ክርስቲያኖችም መሣሪያው ከመዘምራኑ ጋር ስለሚያገለግል ገዢው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ናይጄሪያዊው ኪንግ ሰኒ አዴም በባንዱ ውስጥ ፔዳል ስቲል አስገብቶ ዓለምን ዞሯል።

ገንዘብ በሚያልፍበት ቦታ ሌባም አለ። በአሜሪካ የተለመደው ማታለያ ይህ ነው፤ ሩቅ ያለ "ገዢ" ከዋጋው በላይ የተጻፈ የባንክ ቼክ ይልካል፤ "ትርፉን ለአጓጓዡ ላክልኝ" ይላል። ባንኩ ገንዘቡን ለጊዜው ያሳያል፤ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ቼኩ ሐሰተኛ ሆኖ ሲገኝ ገንዘቡ ከሻጩ ሒሳብ ይነሣል፤ የላከው ትርፍ አይመለስም። ገዢን የሚያታልለው ደግሞ የሰው ፎቶ ሰርቆ ዕቃ ሳይኖረው የሚሸጠው ነው። ለእርሱ መድኃኒቱ፣ የዕለቱ ቀን የተጻፈበት ወረቀት መሣሪያው ላይ ተቀምጦ ፎቶ እንዲነሣ፣ ወይም እያንዳንዱ ፔዳል ሲረገጥ የሚያሳይ ቪዲዮ እንዲላክ መጠየቅ ነው። እውነተኛ ሻጭ በዚህ አይቆጣም።

ሲጓጓዝ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ከውጭ በሚመጣ ምት አይደለም፤ ሳጥኑ ውስጥ ተላቅቀው በሚንከባለሉት በራሱ እግሮች ነው። እግርና የፔዳል መደርደሪያው ለየብቻ ይጠቀለሉ፤ ባዶ ቦታ ሁሉ ይሞላ፤ ሳጥኑ ራሱ ደግሞ ሌላ ካርቶን ውስጥ ይግባ፤ ኢንሹራንስ ይገዛለት። በአውሮፕላን የሚወስድ ሰው የአየር መንገዶች የተለመደው ገደብ 23 ኪሎ መሆኑን ያስብ፤ ዲ-10 ያልፈዋል። ወደ ኢትዮጵያ የሚያመጣውም ቢሆን ስለ መብራት የሚጨነቀው ለአምፕሊፋየሩ ነው። መሣሪያው ራሱ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ የአሜሪካ አምፕሊፋየር ግን ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ እኛ ቤት ባለው 220 ላይ በቀጥታ ከተሰካ ጭሱ ይወጣል። ያለ ትራንስፎርመር አይሆንም፤ ወይም አምፕሊፋየሩን እዚያው ትቶ እዚህ መግዛት ነው።

ያንን ቀይ መሣሪያ አስጠግኜ፣ ሦስት ዓመት ያህል ተጫውቼበት፣ በመጨረሻ ሸጥኩት። በማስታወቂያው ላይ የመጀመሪያው ፎቶ የሆዱ ነበር፤ ስለ ስድስተኛው ክር የሆነውንም በዝርዝር ጻፍኩ። ብዙ ሰው አልደወለም። የደወለው አንድ ሰው ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ቡና አቀረብኩለት፤ "ቆይ" ብሎ ከኪሱ ባትሪ አወጣ።